ለሙከራ የተጻፈው መርዶ

ይሄንን ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት።

የሰው ሰው ነግሮኝ አይደለም። ጓደኛዬ ገናናው ራሱ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። ሲነግረኝ አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም... ወለሉን ብቻ።

"ውሸት ነው" የምትሉ ካላችሁ ምንም አልላችሁም። እኔም ውሸት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ቀኑ ቅዳሜ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ። ፀሐይ ወጥታለች፣ ልጆች ውጭ ኳስ ይጫወታሉ። ቦታው እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ኡንተርሊደርባህ ሰፈር፣ የገናናው ክፍል ነው።

ካልሲ እያጠበ ነበር ስልኩ የጮኸው።

"ሃሎ፣ ጋሼ ዘውዴ?"

"ገናናው..." ጋሼ ዘውዴ ያንሾካሹካሉ። "አየሁት።"

"ምኑን ጋሼ?"

"የለጠፍከውን ነዋ። የሀረገወይንን። ነፍሷን ይማር..."

ካልሲው ከእጁ ወደቀ።

ጋሼ ዘውዴ የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር ናቸው። በተማሪነት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ኢንጂነር።

እትዬ ሀረገወይን ደግሞ ቦናመስ ሰፈር፣ ረጅሙ ፎቅ ላይ፣ ዘጠነኛ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ነርስ ናቸው። ገናናው ጥገኝነት ጠይቆ እንደመጣ ጀርመንኛ ያስቆጠሩት እሳቸው። ቴርሚን፣ ቀጠሮ ባለው ቁጥር ቢሮ ለቢሮ ይዘውት የዞሩ እሳቸው። ዛሬ አውስቢልዱንግ ገብቶ የኮምፒውተር ሙያ የሚማረው በሳቸው ነው።

እና እትዬ ሀረገወይን አልሞቱም።

ገናናው ይሄን በደንብ ያውቃል... ምክንያቱም መርዶውን የጻፈው እሱ ነው።

ቆይ፣ ላስረዳችሁ።

የማኅበሩ ድረ ገጽ የሚወጣው ከአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ነው። የተከራየነው አዳራሽ ኬለር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከተጣጠፉት ወንበሮች ጀርባ ተቀምጣለች። ውስጧ ዌብ ሰርቨር የሚባል ፕሮግራም አለ። ሥራው በር ላይ ቆሞ እንግዳ መቀበል ነው። ገጹን ልይ ያለ ሰው ሲመጣ አስገብቶ ያሳየዋል።

ይሄ ሰርቨር በሁለት መንገድ ይገኛል። አንዱ ፓኬጅ ነው። ተፈጭቶ ታሽጎ እንደሚሸጥ በርበሬ በለው፣ ከፍተህ መጠቀም ነው። ሌላው ከሶርስ የሚሠራው ነው። ዛላውን ገዝተህ፣ ቀንጥሰህ፣ ደልዘህ፣ ራስህ ታስፈጨዋለህ።

ማኅበሩ በታሸገው ስንት ዓመት ኖሯል፣ ማንም አልሞተም።

ገናናው ግን አዲስ ነገር ተምሯል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ላይ ተነሳና "እኔ ከሶርስ የራሳችንን እሠራለሁ" አለ።

ጋሼ ዘውዴ በቀስታ፣ "ልጄ፣ ከሠራህ አሮጌውን ንቀል። ሁለቱን አንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ካስቀመጥክ፣ ስትጠራ የትኛው አቤት እንደሚልህ አታውቅም" አሉት።

"ጋሼ፣ እሱ በእርስዎ ጊዜ ነው! ካርቶን እየበሳችሁ ኮምፒውተር በምታበሉበት ዘመን!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ዘውዴም ሳቁ። እትዬ ሀረገወይን ብቻ አልሳቁም... ዓይናቸውን ነበር ያጉረጠረጡበት።

እሺ። ሠራው። ሁለቱንም አንድ ማሽን ላይ አኖራቸው።

ሐሙስ ዕለት የኀዘን ገጹን ሊሞክር ፈለገ። ረጅም ስም ሲጻፍ መስመሩ ይበላሽ እንደሆነ ማየት አለበት። ከሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ረጅም ስም ያለው ማነው?

"ወይዘሮ ሀረገወይን ወልደሰንበት ተክለጊዮርጊስ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።"

ስማቸውን እስከ አያት የሚያውቀው የጡረታ ፎርማቸውን እሱ ስለሞላላቸው ነው። ፎቶ ጨመረ፣ ለፋሲካ ራሱ ያነሳቸውን፣ ፊት ለፊት እያዩ የሚስቁበትን።

"ስጽፈው ጣቴ ቆም ብሎ ነበር" አለኝ። "በቁሙ ያለ ሰው ሞተ ተብሎ አይጻፍም'ኮ። እናቴ ብታየኝ በጥፊ ነበር። ግን ማን ያየዋል ብዬ..."

በሩ አንድ ነው፣ ልብ በሉ። ሁለት ሰርቨር ቢኖርም እንግዳ የሚገባበት በር አንድ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል። ገናናው ለአምስት ደቂቃ በሩን ለራሱ ሰርቨር ሰጠ፣ አየ፣ ደስ አለው፣ ለታሸገው መለሰ። ነገር ግን የራሱን ሰርቨር "ስትነቃ በሩን ያዝ" ብሎ ያዘዘበትን መስመር ማጥፋት ረሳ።

ቅዳሜ ጠዋት መብራት ሠራተኛ ኬለር ገብቶ መብራቱን ቆርጦ መለሰ።

ኮምፒውተሯ ነቃች። ሁለቱም ወደ በሩ ሮጡ።

የገናናው ቀደመ።

እና አሁን ጋሼ ዘውዴ ስልክ ላይ ናቸው።

"ማን ነገረህ? ኢማኑኤል ነው?"

ኢማኑኤል የኮሚቴው ጸሐፊ ነው። እዚህ ጋ "አይ ጋሼ፣ የኔ ስህተት ነው" ማለት ይበቃ ነበር። አምስት ቃል!

"እ..." አለ ገናናው።

ያቺ "እ" ናት ያጠፋችው። ጋሼ ዘውዴ አዎ ብለው ወሰዷት።

"ባለፈው ወር ሆስፒታል ስትገባ ነው የፈራሁት... በል ስማኝ። ለልጇ ለቤቴል እንዳትደውል። መርዶ በስልክ አይነገርም። ነገ ንጋት ላይ ተሰብስበን እንሄዳለን። አንተም ልጇ ማለት ነህ፣ ትመጣለህ።"

ዘጉ።

ገናናው ኬለር እስኪደርስ ስልኩ ሰባት ጊዜ ጮኸ። ሁሉም ያንሾካሹካሉ። ሁሉም "ቤተሰብ እንዳይሰማ" ይላሉ።

ኬለሩ ቀዝቅዟል። ኮምፒውተሯ ታጉረመርማለች።

የራሱን ሰርቨር አቆመው። ጽሑፉን ሰረዘው። ፎቶውንም። ከዛ ስልኩን አውጥቶ ገጹን ከፈተ...

እትዬ ሀረገወይን ከነመርዶው አሉ።

"ስልኬ ያስቀመጠው ነው" አለ ለራሱ። እንዲህ ያጋጥማል፣ ስልክ ያየውን ቶሎ አይረሳም።

የታሸገውን ሰርቨር ሊያስነሳ ሞከረ። እምቢ አለው።

በሩ ተይዟል።

በማን?

የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አየ። በሩን የያዘ ማንም የለም። ደግሞ አየ። ማንም።

የገባ የወጣው የሚመዘገብበትን ፋይል ከፈተ። ጠዋት መብራቱ ከተመለሰ ጀምሮ ብዙ ሰው ገብቶ ወጥቷል። አንድ ጎብኚ ግን ይመላለሳል። በየሰባት ደቂቃው። አርባ አንድ ጊዜ።

ከታብሌት ነው። የታብሌቱን ዓይነት አነበበ።

ከማኅበሩ ሰው ያንን ታብሌት የያዙት እትዬ ሀረገወይን ብቻ ናቸው። የመረጠላቸው እሱ ነው። ሲከፍቱት መጀመሪያ የማኅበሩ ገጽ እንዲመጣላቸው ያደረገውም እሱ ነው።

የራሳቸውን መርዶ አርባ አንድ ጊዜ አንብበውታል።

ያን እያሰበ... ሰርቨሩ ቆሞ፣ ጽሑፉ ተሰርዞ... ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ።

አርባ ሁለት።

ገመዱን ከግድግዳው መዥርጦ ነቀለው። ጉርምርምታው ቆመ። ጸጥ...

ስልኩን አየ። ገጹ አሁንም አለ። አሁን ግን ፎቶው ላይ እትዬ ሀረገወይን ፊት ለፊት አያዩም። አንገታቸውን ወደ ጎን መልሰዋል። በር የተንኳኳበት ሰው እንደሚያደርገው።

እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ግማሽ ሰዓት ግቢው ውስጥ ቆሞ ተመልሶ ሲሰካው ሁሉም ነገር ደህና ሆነ። የታሸገው ሰርቨር ተነሳ፣ በሩን ያዘ፣ የድሮው ገጽ መጣ። መርዶ የለም፣ ፎቶ የለም።

አሁን መደወል ነበረበት። ለጋሼ ዘውዴ።

ቦናመስ ሄደ።

ዘጠነኛ ፎቅ ሲደርስ የእትዬ ሀረገወይን በር ገርበብ ብሏል። ሳያንኳኳ ነው የገባው።

ሳሎኑን አላወቀውም። ሶፋው ግድግዳ ተጠግቷል። የምግብ ወንበሮች፣ የበረንዳ ወንበሮች፣ መታጠቢያ ቤት ያለችው ዱካ ሳትቀር ዙሪያውን ተደርድረዋል። መሐል ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። እትዬ ሀረገወይን ጥቁር ለብሰው ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል።

ብቻቸውን።

"ቁጭ በል። ለቅሶ ቤት ቆመው አያዩም።"

"እትዬ... ደህና ነዎት?"

"ማን? እኔ?" ፈገግ አሉ። "እኔማ ምን እሆናለሁ።"

ዱካዋ ላይ ተቀመጠ።

"ቅዳሜ ቅዳሜ'ኮ ስልኬ አያርፍም ነበር" አሉ። "ዛሬ አንድም ሰው አልደወለም። እኔ ደወልኩ። ለዘውዴ፣ ለእታለም፣ ለአምሃ። ማንም አያነሳም።"

ገባው። ከሟች ስልክ ሲደወል ማን ያነሳል? ሁሉም፣ መርዶ ያልተረዳ ዘመድ ነው የሚደውለው ብለው ፈርተው ነው። ካፋችን እንዳይሰማ ብለው። የቤቴል ስልክ ደግሞ ሺሽቷ፣ የሥራ ፈረቃዋ እስኪያልቅ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሎከር ውስጥ ነው፤ እሷ ደግሞ አማርኛ አታነብም።

ማንም ክፉ አልሠራም። ሁሉም ወጉን ነው የጠበቀው። በወጉ ውስጥ አንዲት ሴትዮ በቁሟ ተቀበረች።

"ጥሩ ሴት ነበረች" አሉ እትዬ ሀረገወይን።

"ማን እትዬ?"

የቀሚሳቸውን ጫፍ ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

ታብሌቱ አጠገባቸው ፍራሹ ላይ በርቷል። ገናናው ወደሱ ላለማየት ታገለ።

"ማን ጻፈው ልጄ?"

አያችሁ... ሁለተኛ ዕድል ተሰጠው።

"እ... አላውቅም። ሰብረው የሚገቡ አሉ። ሀከር... ከውጭ..."

ታብሌቱን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

"ሀከሩ ስሜን እስከ አያቴ ነው የጻፈው" አሉ በቀስታ። "ተክለጊዮርጊስን እዚህ አገር የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?"

ጆሮው ጋለ። ያውቃሉ። ከጠዋት ጀምሮ ያውቃሉ። እየጠበቁት ነው። አንድ ነገር እንዲል፣ "እኔ ነኝ" እንዲል፣ እሱን ብቻ።

"እኔ ጥፋተኛ አልፈልግም" አሉ። "ንገርልኝ ብቻ። አለች በልልኝ። ቤቴል ጋ ሄደው ልጄን ሳያስጮሁብኝ። ሳይነጋ።"

"እነግራለሁ።"

"ማልልኝ።"

"እመብርሃንን።"

እጃቸውን ሰጡት። ሳመው። እጃቸው ይቀዘቅዛል፤ መስኮቱ ተከፍቶ ስለነበር ነው ብሎ አሰበ። በሩን ዘግቶ አሳንሰር ውስጥ ሲገባ ነው መስኮቱ ዝግ እንደነበር ትዝ ያለው።

ያን ምሽት ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ?

ለጋሼ ዘውዴ መልእክት ጻፈ። ሰረዘ። ጻፈ። ሰረዘ። ስምንት ጊዜ። "ካርቶን እየበሳችሁ" ያለው ይታወሰዋል። የአዳራሹ ሳቅ ይሰማዋል። ነገ ደረጃው ላይ እነግራቸዋለሁ አለ። ፊት ለፊት ይሻላል አለ። ምሎ ነበር'ኮ!

ተኛ። "እንቅልፍ ወሰደኝ" አለኝ። ከሁሉም በላይ ያፈረው በዚህ ነው።

እሑድ ንጋት። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ኦስትኤንድ፣ ቤቴል የምትኖርበት ሕንፃ በር። ዝናብ ያካፋል።

ጋሼ ዘውዴ፣ እትዬ እታለም፣ ጋሽ አምሃ፣ ኢማኑኤል እና ገናናው። እትዬ እታለም ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ ጥቁር ካፖርት።

አንደኛ ፎቅ... "ጋሼ" አለ ገናናው።

"እሽሽ! ድምጽህ ይሰማል።"

ሁለተኛ ፎቅ... "ጋሼ፣ አንድ ነገር..."

"ልጄ፣ በኋላ ታለቅሳለህ። አሁን ጠንከር በል።"

ሦስተኛ። በሩ ፊት ቆሙ። ጋሼ ዘውዴ ጣታቸውን ወደ ደወሉ ዘረጉ።

ሳይነኩት በሩ ተከፈተ።

ቤቴል ናት። ፒጃማ ለብሳለች። አላለቀሰችም። የቀኝ ትከሻዋ ላይ ፒጃማው ርሷል።

"ግቡ" አለች። "ማማ ትመጣላችሁ ብላኛለች።"

እትዬ እታለም አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። "ማማ?... ማን ማማ?"

"ማማ ነቻ። ማይነ ሙተር፣ እናቴ! አሁን መጣች፣ ግማሽ ሰዓት አይሆንም። ብቻዋን፣ በዝናቡ። 'ሞተች ብለው ሊነግሩሽ እየመጡ ነው፣ እንዳትደነግጪ' አለችኝ። አቀፈችኝ። እርጥብ ነበረች። የኔ አልጋ ውስጥ ተኝታለች።"

ከዛ "ተመስገን!" ብለው ጋሽ አምሃ ኮሪደሩ ላይ ያለው የጫማ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። እትዬ እታለም እልል ሊሉ ብለው ጎረቤቱን ፈርተው ዋጡት። ኢማኑኤል አማተበ።

"አንድ ነገር ደግሞ ብላለች" አለች ቤቴል። ወደ ገናናው ዞረች። "'ገናናው የሚነግራችሁ አለው። እንዳትቆጡት፣ ይናገር' አለች።"

አምስቱም ዓይን እሱ ላይ።

"መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ" አለኝ። "ስሜን ጠርተው ይቅር ካሉኝ በኋላ ነው ያወጣሁት። ከዛ በፊት አልቻልኩም። እስቲ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?"

"እኔ ነኝ" አለ። "እኔ ነኝ የጻፍኩት። ለሙከራ። ማንም አልነገረኝም። ኢማኑኤልም አልነገረኝም። ትናንት ሄጄ አይቻቸዋለሁ... በሕይወት እንዳሉ አይቻለሁ... እነግራለሁ ብዬ ማልኩላቸው። ተኛሁ።"

ጋሼ ዘውዴ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። ኮፍያቸውን አወለቁ። ውሃው ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ።

"እኔም ስልኳን አይቼ ዘግቼባታለሁ" አሉ። "ሦስት ጊዜ። በቁሟ። አርባ ዓመት የማውቃትን ሴት።"

ያን ጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

አወጡት። አዩት። ፊታቸው ተለወጠ።

ስክሪኑ ላይ "ሀረገወይን" ይላል።

"ስልኳን ቤት ረስታ ይሆናል" አለች ቤቴል።

ታዲያ ማን ይደውላል?

ይሄኛውን አነሱት። ሲቸኩሉ ድምጽ ማጉያውን ነኩት መሰለኝ፣ ለሁሉም ተሰማ።

"ዘውዴ?... አነሳህልኝ? ተመስገን።" ራሳቸው ናቸው። ያ ነርስ ድምጻቸው፣ የደከመ። "ገናናው ነገራችሁ? እንዳትቆጡት። ልጅ ነው።"

"ሀረግ..." አሉ ጋሼ ዘውዴ። "የት ነሽ?"

"የት እሆናለሁ? ቤቴ ነኛ፣ ቦናመስ። ከትናንት ጀምሮ ከፍራሽ አልተነሳሁም። ጉልበቴ እምቢ አለኝ... ቤቴል ጋ ናችሁ እንዴ? ልጄን አላስደነገጣችኋትም አይደል?"

ቤቴል ወደ ኋላ ዞረች። ቀስ ብላ። እነሱም ዞሩ።

የመኝታ ቤቱ በር አብዛኛው መስታወት ነው፣ ያ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ መልክ የማያሳይ።

"ሃሎ? ዘውዴ?" ይላል ስልኩ። "ለምን ዝም አላችሁ? ማን ሞተብን?"

ከመስታወቱ ጀርባ አንድ ነጭ ነገር ከአልጋው ተነሳ። ወደ በሩ መጣ። ቆመ...

ነጠላውን ከትከሻው አወረደ። እንደ ለቅሶ፣ ቀስ ብሎ፣ ዘቀዘቀው።